ኢትዮጵያ በዓለም ጦርነቱ ውስጥ ነበረች ወይ? ለአንድ አባት ጥያቄ የተሰጠ ምላሽ

ጥያቄው፦ «የምኖረው በአሜሪካ፣ በሜሪላንድ ነው። የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ የሆነች ልጄ የወላጆቿ ሀገር በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ በሀገር ውስጥና በውጭ ያሳለፈችውን እንድትጽፍ ታዘዘች። ስለ ኢትዮጵያ እጽፋለሁ ስትል መምህሩ የጣሊያን ወረራ ከዓለም ጦርነቱ በፊት የተደረገ ሌላ ጦርነት ስለሆነ አይቆጠርም አሏት። እኔ ከቤተሰብ እየሰማሁ ያደግሁት አያቴ ማይጨው ዘምተው፣ ኬንያ ተሰደው፣ በ1933 ከእንግሊዝ ጦር ጋር እየተዋጉ እንደ ተመለሱ ነው። አጎቴ ደግሞ በ1943 ከቃኘው ሻለቃ ጋር ባሕር ተሻግረው ለዓለም ጦርነቱ ዘምተዋል ይላል። ነጻ ያወጣን እንግሊዝ ነው የሚሉ አሉ፤ አርበኛው ብቻውን ነው የሚሉም አሉ። ሞተ የሚባለው 760,000 ሰውስ እውነት ነው? ልጄ ምን ትጻፍ? የአያቴን ማስረጃስ ከየት ላገኝ እችላለሁ?»

መምህሩ ተሳስተዋል፤ ልጅዎም ይህን በሰነድ ማሳየት ትችላለች። ድል አድራጊዎቹ መንግሥታት የካቲት 3 ቀን 1939 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ፌብሩዋሪ 10 ቀን 1947) በፓሪስ ከጣሊያን ጋር የተፈራረሙት የሰላም ውል ስለ ኢትዮጵያ ብቻ የሚናገር ክፍል አለው። ከዚያ ክፍል 38ኛው አንቀጽ ጣሊያን በኢትዮጵያ ላይ ለፈጸመችው ድርጊት ኃላፊነቷ የሚቆጠረው ከኦክቶበር 3 ቀን 1935 ጀምሮ መሆኑን ይደነግጋል። ይህ መስከረም 22 ቀን 1928 ዓ.ም. ነው፤ የጣሊያን ጦር መረብን የተሻገረበት ቀን። የሁለተኛውን የዓለም ጦርነት የዘጋው ውል ራሱ የኢትዮጵያን ሂሳብ ፖላንድ ከመወረሯ አራት ዓመት ገደማ ቀደም ብሎ ይከፍተዋል። ጽሑፏን በዚህ አንቀጽ ትጀምር። ከዚህ የበለጠ መግቢያ አላውቅም።

የመምህሩ ስሕተት የብዙ የመማሪያ መጻሕፍት ስሕተት ስለሆነ ምክንያቱን መረዳት ይጠቅማል። ጦርነቱ በነሐሴ 1931 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 1939) ጀመረ የሚባለው ለአውሮፓ ነው። ቻይናዊው በ1937 እ.ኤ.አ. ይጀምረዋል፤ አሜሪካዊው በ1941። ሁሉም እሳቱ የራሱን ቤት ከነካበት ቀን ይቆጥራል፤ ይህ ለሌላው ከተፈቀደ ለእኛ የሚከለከልበት ምክንያት የለም። የቀኑ ጉዳይ ብቻም አይደለም፤ ሁለቱ ጦርነቶች በምክንያትና በውጤት የተያያዙ ናቸው። ኅዳር 26 ቀን 1927 ዓ.ም. በኦጋዴን ወልወል ላይ ከጣሊያን ጦር ጋር ግጭት ከተነሣ በኋላ ኢትዮጵያ በሕጉ መሠረት አቤቱታዋን ለመንግሥታቱ ማኅበር አቀረበች። ማኅበሩ ጣሊያንን ወራሪ ብሎ ፈረደ፤ ማዕቀብም ጣለ። ነገር ግን ነዳጅ ከማዕቀቡ ዝርዝር ወጣ፤ የስዌዝ ቦይም ለጣሊያን መርከቦች ክፍት ሆኖ ቀረ። በዚያው ዓመት የእንግሊዝና የፈረንሳይ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትሮች፣ ሆርና ላቫል፣ የኢትዮጵያን መሬት ቆርሰው ለጣሊያን ለመስጠት በምስጢር ተስማምተው ምስጢሩ በጋዜጣ ወጣባቸው። ወራሪ እንደማይቀጣ ሂትለር በዓይኑ አየ። የሮምና የበርሊን ወዳጅነትም በጥቅምት 1929 ዓ.ም. ተበጀ፤ ይኸውም አዲስ አበባ በተያዘች በስድስት ወር ነው። ንጉሠ ነገሥቱ ሰኔ 23 ቀን 1928 ዓ.ም. በጄኔቫ ቆመው ያስጠነቀቁት ይህንኑ ነበር።

እዚህ ላይ ግን ልጅዎን አንድ ነገር አስጠንቅቁልኝ። «ኢትዮጵያ ከ1928 ጀምሮ ከተባባሪዎቹ ኃያላን ጎን ተሰልፋ ተዋጋች» ብላ ከጻፈች መምህሩ በቀላሉ ይረቷታል። ከሚያዝያ 1928 እስከ ሰኔ 1932 ዓ.ም. ድረስ ኢትዮጵያ የተዋጋችው ለብቻዋ ነው። እንግሊዝ ራሷ በ1938 እ.ኤ.አ. የጣሊያንን ግዛት በሕግ ዕውቅና ሰጥታዋለች። ያልተቀበሉት ጥቂቶች ሲሆኑ ከእነርሱ መካከል አሜሪካ፣ ሶቪየት ኅብረት፣ ሜክሲኮ፣ ቻይናና ኒው ዚላንድ ይገኛሉ። ነገሩ የተለወጠው ሰኔ 3 ቀን 1932 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ጁን 10 ቀን 1940) ሙሶሊኒ በእንግሊዝና በፈረንሳይ ላይ ጦርነት ሲያውጅ ነው። ከዚያ በኋላ ኢትዮጵያ የዓለም ጦርነቱ ግንባር ሆነች፤ ነጻ ከወጣችም በኋላ በ1942 እ.ኤ.አ. የተባበሩትን መንግሥታት መግለጫ ፈርማ በጀርመን፣ በጣሊያንና በጃፓን ላይ ጦርነት አወጀች። ትክክለኛው አገላለጽ እንግዲህ ይህ ነው፦ ኢትዮጵያ ጦርነቱ ከሁሉ ቀድሞ የደረሰባት፣ ለአራት ዓመት ያለ አጋር የተዋጋች፣ ከዚያም ከተባባሪዎቹ አንዷ የሆነች ሀገር ናት።

የቃኘውን ጉዳይ አሁኑኑ ልዝጋው። የመጀመሪያው ቃኘው ሻለቃ ከአዲስ አበባ የተነሣው በሚያዝያ 1943 ዓ.ም. ነው። ይህ በአውሮፓ አቆጣጠር 1951 ነው፤ የዘመተውም ወደ ኮሪያ ነው። አጎትዎ 1943ን በፈረንጅ አቆጣጠር አንብበውት የዓለም ጦርነቱ መካከል ጣሉት። ይህ ስሕተት በተለይ በውጭ ባደጉ ልጆች ጽሑፍ ላይ ደጋግሞ ይገጥመኛል። የድላችንን ዓመት 1933ን ያለ ዓ.ም. ብትጽፈው መምህሩ የሚያነቡት ሂትለር ሥልጣን የያዘበትን ዓመት ነው። ስለዚህ እያንዳንዱን ቀን በሁለቱም አቆጣጠር ትጻፍ፤ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ 22 ገደማ ልዩነቱ ሰባት ዓመት፣ ከዚያ ወዲያ ስምንት ዓመት መሆኑንም አትርሳ።

በሀገር ውስጥ የሆነውን ስትጽፍ «አምስቱ ዓመት» የሚለው የተለመደ አጠራራችን እንዳያሳስታት እፈልጋለሁ። አጠራሩ ከአዲስ አበባ መያዝ (ሚያዝያ 27 ቀን 1928) እስከ ንጉሠ ነገሥቱ መመለስ (ሚያዝያ 27 ቀን 1933) ያለውን ብቻ ይለካል። ከዚያ በፊት የነበሩትን ሰባት የጦር ወራት ያስቀራል፤ የሽሬ፣ የተምቤን፣ የአምባ አራዶም፣ የገናሌና የኦጋዴን ሙታን የወደቁት በእነዚያ ወራት ነው። የሰናፍጭ ጋዝ ከአውሮፕላን መርጨት የተጀመረው በታኅሣሥ 1928 በተከዜ አካባቢ ነበር። ባዶ እግሩን የሚሄደው ወታደርና ውኃ የሚቀዳው ገበሬ እንደ ዝናብ የወረደባቸው ነገር ቆዳቸውን ሲልጠው ምን እንደሆነ እንኳ አያውቁም ነበር። የጣሊያን መንግሥት ይህን በይፋ ያመነው ስድሳ ዓመት ቆይቶ በ1996 እ.ኤ.አ. ነው። በወዲያኛው ጫፍ ደግሞ ጦርነቱ በሚያዝያ 1933 አላለቀም። ጎንደር የተለቀቀችው ኅዳር 18 ቀን 1934 ዓ.ም. ነው፤ ከዚያ ቀን በፊት በነበሩት ሳምንታት ቁልቋል በር ላይ የወደቁት አርበኞች በ«አምስቱ ዓመት» ውስጥ ቦታ የላቸውም።

በመካከል ያለው ዘመን ሁለት መልክ አለው። አንደኛው የሽብር መልክ ነው። አቡነ ጴጥሮስ ሐምሌ 22 ቀን 1928 በአዲስ አበባ አደባባይ በጥይት ተገደሉ። የካቲት 12 ቀን 1929 አብርሃ ደቦጭና ሞገስ አስገዶም በጣሊያኑ እንደራሴ በግራዚያኒ ላይ ቦምብ ከጣሉ በኋላ ለሦስት ቀን ያህል በከተማዋ ሰው እንደ አውሬ ታደነ፤ ቤት ከነነዋሪው ተቃጠለ። ጦሱ በግንቦት ወር ደብረ ሊባኖስ ደረሰ፤ መነኮሳቱና ዲያቆናቱ ተረሸኑ። ከተያዙት ብዙዎቹ በሶማሊያ ጠረፍ ወደነበረው ወደ ደናኔ እስር ቤት፣ በቀይ ባሕር ወዳለችው ወደ ኖኩራ ደሴት ተጋዙ፤ በረሃው፣ ረኃቡና በሽታው የቀረውን ጨረሰ።

ሁለተኛው መልክ የእምቢታ ነው። በሸዋ አበበ አረጋይ፣ በጎጃም በላይ ዘለቀ፣ መንገሻ ጀምበሬና ነጋሽ በዛብህ፣ በጎንደር ውብነህ ተሰማ፣ በደቡብ ምዕራብ ገረሱ ዱኪ ጫካውን ይዘው ጠላት ከከተማና ከመንገድ ውጭ እንዳያድር አደረጉ። ሸዋረገድ ገድሌና ከበደች ሥዩም እንደ ወንዶቹ ተዋግተዋል፤ ታስረዋል፣ ተሰድደዋል። ከተማ ውስጥ ተቀምጠው ጥይት፣ መድኃኒትና ወሬ ወደ ጫካ የሚያሾልኩት የውስጥ አርበኞች ግን ስማቸው በአብዛኛው አልተጻፈም። ልጅዎ ቦታ ካላት ለእነርሱ አንድ አንቀጽ ትስጣቸው። ያለ እነርሱ ጫካው አንድ ክረምት አይከርምም ነበር።

ስለ ባንዳ መጻፍ ያስፈራታል፤ ግን ትጻፍ። በ1932 ዓ.ም. በምሥራቅ አፍሪካ ጣሊያን ከነበራት ሩብ ሚሊዮን በላይ ወታደር አብዛኛው አፍሪካዊ ነበር፦ ኤርትራዊ፣ ሶማሊያዊ፣ ኢትዮጵያዊም። አንዳንዱ በደመወዝ፣ አንዳንዱ በግዳጅ፣ አንዳንዱ በቂም፣ አንዳንዱም ከሞት ለማምለጥ ገባ። ዛሬ ባንዳ፣ ነገ አርበኛ የሆነ ብዙ ነው፤ ከጣሊያን ሠራዊት ከድተው ከነመሣሪያቸው ወደ አርበኛው የገቡ ኤርትራውያን ደግሞ ለትግሉ ትልቅ ጉልበት ሆነዋል። የሌላውን ሰው አያት በዚህ ቃል ከመጥራት በፊት የትኛው ዓመትና የትኛው ወረዳ እንደነበር መጠየቅ ይገባል።

አሁን ወደ አያትዎ። የቤተሰቡ ታሪክ ማይጨውንና ኬንያን በአንድ መንገድ ያገናኛል። ሊሆን አይችልም አልልም፤ ግን መልክዓ ምድሩ ይቃወመዋል። ማይጨው በሰሜን ነው። መጋቢት 22 ቀን 1928 እዚያ የተሸነፈው ጦር የተበተነው ወደ ላስታ፣ ወደ ወሎና ወደ ሸዋ ነው፤ ከዚያም ስደት የወጣው ሰው የሚያገኘው ሱዳንን ወይም ጅቡቲን፣ ከጅቡቲ ደግሞ ኢየሩሳሌምን ነው። ኬንያ የገቡት በሺህ የሚቆጠሩ ስደተኞች በአብዛኛው የደቡብ ግንባር ሰዎች ናቸው፦ በገናሌ ከራስ ደስታ ዳምጠው ጋር የተዋጉ፣ በሲዳሞ፣ በቦረናና በባሌ የነበሩ፣ ራስ ደስታ በየካቲት 1929 ከተገደሉ በኋላ በሞያሌና በአካባቢው ድንበር የተሻገሩ። በብዙ ቤተሰብ «ማይጨው ዘመተ» ማለት «ያን ጊዜ ዘመተ» ማለት ሆኖ ቀርቷል፤ የአንዱ ጦርነት ስም የሁሉም ስም ሆነ። ስለዚህ አያትዎ ማይጨው አልነበሩም ቢባል የሚቀንሰው ክብር የለም። ገናሌ ላይ ውኃ ጥም ከጠላት ብሶ የገደለበት ጦር ከማይጨው ጦር ያነሰ አልተፈተነም።

ኬንያ የገቡት መጀመሪያ በኢሲዮሎ፣ በኋላም በታቬታ በመጠለያ ሰፈር ተቀመጡ። እንግሊዞች እስከ 1932 ድረስ የያዟቸው እንደ ሸክም ነበር፤ ከጣሊያን ጋር መጣላት አልፈለጉምና መሣሪያቸውን አስፈትተዋቸዋል። ጣሊያን ጦርነት ባወጀች ማግሥት ግን የስደተኛው ሰፈር የወታደር መመልመያ ሆነ። ከመካከላቸው አንዳንዱ ወደ ሱዳን ተወስዶ ከንጉሠ ነገሥቱ ጋር በጎጃም በኩል ገባ፤ ሌላው ከደቡብ አፍሪካ ጦር ጋር በደቡብ ጠረፍ ተሰልፎ በየካቲት 1933 ሜጋ በተያዘችበት ዘመቻ ተዋጋ። የአያትዎ መንገድ ከሁለቱ አንዱ ነው። የትኛው እንደሆነ የሚለየው አንድ ጥያቄ ነው፦ ሲመለሱ መጀመሪያ የገቡበት የኢትዮጵያ ከተማ ማን ነበር? ቡሬ ወይም ደብረ ማርቆስ ከተባለ በሱዳን በኩል ነው፤ ሜጋ ወይም ነገሌ ከተባለ በደቡብ።

በውጭ የነበረው ኢትዮጵያዊ ሁሉ ግን በኬንያ አልነበረም። ንጉሠ ነገሥቱ በእንግሊዝ ሀገር በባዝ ከተማ አራት ዓመት በችግርና በብርድ ኖሩ። በኢየሩሳሌም ገዳማችን ለመኳንንቱና ለቤተሰቦቻቸው መጠጊያ ሆነ። በመቶዎች የሚቆጠሩ ታላላቅ ሰዎች ከነሚስትና ከነልጆቻቸው ወደ ጣሊያን ተግዘው በአዚናራ ደሴትና በሌሎች ስፍራዎች ታሰሩ፤ ራስ እምሩ የተጋዙት ወደ ፖንዛ ደሴት ነበር። ሙሶሊኒ በ1943 እ.ኤ.አ. ሲወድቅ የታሰረው በዚያችው ደሴት ነው። ከእነዚህ ሁሉ ያነሰ የሚታወቀው ግን የኔፕልስ ታሪክ ነው። በግንቦት 1932 ዓ.ም. ፋሺስቶች በዚያች ከተማ የቅኝ ግዛቶቻቸውን ኤግዚቢሽን ከፈቱ፤ ኢትዮጵያውያን፣ ኤርትራውያንና ሶማሌዎች ለትርኢት ቀረቡ፤ ሰው እንደ ዕቃ። በወሩ ጣሊያን ጦርነት ገባችና የመመለሻው መንገድ ተዘጋ። ሰዎቹ በኋላ በማርኬ አውራጃ ትሬያ ወደምትባል ከተማ ተወሰዱ። ጣሊያን በ1943 እ.ኤ.አ. ስትከፈል ከእነርሱ መካከል ጥቂቶቹ አምልጠው ተራራ ወጡ፤ ከጣሊያናውያን ፓርቲዛኖች ጋር ሆነው ናዚንና ፋሺስትን ተዋጉ፤ የሞተም አለ። ልጅዎ «ኢትዮጵያውያን በአውሮፓ ምድር ተዋግተዋል ወይ?» ተብላ ብትጠየቅ መልሱ አዎ ነው፤ ቁጥራቸው ግን ጥቂት መሆኑን አብራ ትናገር።

«ነጻ ያወጣን ማን ነው?» የሚለውን ክርክር ሁለቱም ወገን ግማሹን ደብቆ ነው የሚከራከረው። ከኬንያ የተነሣው የጄኔራል ካኒንግሃም ጦር በሶማሊያና በሐረር በኩል ሁለት ወር ባልሞላ ጊዜ ገሥግሦ መጋቢት 28 ቀን 1933 አዲስ አበባ ገባ። በሰሜን ከረን ላይ ወሳኙና ደም ያፈሰሰው ጦርነት የተደረገው በእንግሊዝ ሥር በነበሩ የሕንድ ክፍለ ጦሮች ነው። ይህን መድፍ፣ ይህን አውሮፕላንና ይህን መኪና አርበኛው አልነበረውም። እርሱን መካድ ታሪክ አይሆንም። ደግሞም «እንግሊዝ» ስንል እነማን እንደነበሩ እንወቅ፦ ሕንዳዊ፣ ሱዳናዊ፣ ኬንያዊ፣ ናይጄሪያዊ፣ ጋናዊ፣ ደቡብ አፍሪካዊ። ራሳቸው በቅኝ ግዛት ሥር የነበሩ ሰዎች ሌላ ቅኝ ገዥ ለማስወጣት በእኛ ተራሮች ሞተዋል። ከረን ላይ ያለው መቃብራቸው ከእኛ ትዝታ ውጭ ሆኖ መቅረቱ ያሳዝነኛል።

በሌላ በኩል ያ ግሥጋሤ እንዲያ የፈጠነው ጣሊያን ሠራዊቱን በሙሉ ግንባር ላይ ማሰለፍ ስላልቻለ ነው። በሸዋ፣ በጎጃም፣ በቤጌምድር በየምሽጉ የተቀመጠው ሻለቃ ቢነሣ አርበኛው ከኋላ ይገባ ነበር። የጎጃምን ዘመቻ ማየት ይበቃል። የእንግሊዙ ኮሎኔል ሳንድፎርድ በነሐሴ 1932 ድንበር ተሻግሮ የገባው አርበኛው ቀድሞ በያዘው ሀገር ነው። ንጉሠ ነገሥቱ ጥር 12 ቀን 1933 ኦሜድላ ላይ ሰንደቅ ዓላማ ሲተክሉ፣ የእንግሊዙ መኮንን ዊንጌት ያዘመተው ጌዴዎን የተባለው ጦር ሱዳናውያንና ስደተኛ ኢትዮጵያውያን የሞሉበት ከሁለት ሺህ ያነሰ ሰው ነበር፤ ስንቁን የጫኑት ግመሎች በመንገድ አለቁ። ከፊቱ የነበረው የጣሊያን ጦር በብዙ እጥፍ ይበልጠዋል። ያ ትንሽ ጦር ደብረ ማርቆስ የደረሰው ገበሬውና አርበኛው መንገዱን፣ ወሬውንና ጥይቱን ስለሰጡት ነው። ንጉሠ ነገሥቱ ደብረ ማርቆስ የገቡትም እንግሊዞች አዲስ አበባ በገቡበት በዚያው ዕለት ነበር። እኔ የምሰጠው ፍርድ ይህ ነው፦ ያለ አርበኛው ኢትዮጵያ በ1933 እንግሊዝ ከጣሊያን የማረከቻት ግዛት ትሆን ነበር፤ ያለ ተባባሪዎቹ ጦር ደግሞ ጣሊያን በዚያ ዓመት አይወጣም ነበር።

«የማረከቻት ግዛት» ያልሁት በከንቱ አይደለም። እንግሊዞች መጀመሪያ ያቋቋሙት የተያዘ የጠላት ሀገር አስተዳደር ነበር። በ1942 እ.ኤ.አ. የተፈረመው ስምምነት የንጉሠ ነገሥቱን ሥልጣን ቢያውቅም የእንግሊዝ መልእክተኛ ከሌሎች ሀገሮች ሁሉ ቀዳሚ እንዲሆን አድርጓል፤ ምድር ባቡሩና ኦጋዴን በእነርሱ እጅ ቀሩ። ጣሊያን የተከለቻቸው ፋብሪካዎችና ማሽኖች ተነቅለው ተወስደዋል። ሁለተኛው ስምምነት በታኅሣሥ 1937 ዓ.ም. ከተፈረመ በኋላ ነው ቀንበሩ የላላው፤ ኦጋዴንም ወዲያው አልተመለሰም። በቤት ውስጥ ደግሞ አርበኛ፣ ስደተኛና ባንዳ ለአንድ ሹመት ተፋጠጡ፤ ጫካ የከረመው ብዙው ሰው የተበደለ መስሎት ቀረ። በላይ ዘለቀ በጥር 1937 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ የተሰቀለው በነጻነት ዘመን ነው። ልጅዎ ይህን ካለፈችው የጻፈችው የድል በዓል ንግግር ይሆናል።

ስለ ቁጥሩ፦ 760,300 የሚለው ኢትዮጵያ ለፓሪሱ የሰላም ጉባኤ ያቀረበችው ድምር ነው። በውስጡ በጦር ሜዳ የሞቱ 275,000፣ በአርበኝነት የወደቁ 78,500፣ በየካቲቱ እልቂት የተገደሉ 30,000፣ በእስር ቤት የሞቱ 35,000 አሉበት፤ ትልቁ ክፍል፣ 300,000፣ መንደራቸው ስለተቃጠለ በረኃብና በእንግልት ያለቁ ናቸው። ቁጥሮቹ ክብ መሆናቸው ራሱ ይናገራል፤ ሰው በሰው ተቆጥሮ የተገኘ ውጤት አይደለም፤ ካሳ ለመጠየቅ የተዘጋጀ ግምት ነው። የታሪክ ተመራማሪዎች ለየካቲት 12 ብቻ እንኳ የተለያየ ቁጥር ይሰጣሉ። «የኢትዮጵያ መንግሥት ለፓሪስ ጉባኤ ባቀረበው መሠረት» ብላ ከጻፈችው ትክክል ነው፤ «የሞተው ሰው 760,300 ነው» ካለች አይደለም። በምላሹ ጣሊያን እንድትከፍል የተፈረደባት 25 ሚሊዮን ዶላር ነበር። በጦር ወንጀል ከተከሰሱት መካከል ባዶሊዮንና ግራዚያኒን ጨምሮ 10 ሰዎች በተባበሩት መንግሥታት የጦር ወንጀል ኮሚሽን መዝገብ ቢሰፍሩም አንዳቸውም በኢትዮጵያ ለሠሩት ፍርድ ቤት አልቀረቡም። ግራዚያኒ የተፈረደበት ከጀርመኖች ጋር በመተባበሩ ነው፤ ያውም በወራት ውስጥ ተፈታ። በውሉ መሠረት በ18 ወር ውስጥ መመለስ የነበረበት የአክሱም ሐውልት የተመለሰው በ1997 ዓ.ም. ነው። እነዚህን ማስረጃዎች ባነበብሁ ቁጥር ቁጣዬ አይበርድም፤ ልጅዎ ግን ቁጣውን ትተው፤ እውነታውን ብትደረድር አንባቢው ራሱ ይቆጣል።

የአያትዎን ማስረጃ በተመለከተ ተስፋዎ ልክ ይኑረው። አብዛኛው አርበኛ ምንም ወረቀት የለውም፤ ስደተኛው ግን የቅኝ ገዥ አስተዳደር መዝጋቢ ስለነበር የተሻለ ዕድል አለው። መጀመሪያ የኬንያን ብሔራዊ ቤተ መዛግብት በናይሮቢ፣ ቀጥሎ በለንደን ኪው የሚገኘውን የእንግሊዝ ብሔራዊ ቤተ መዛግብት ይፈልጉ፤ የጦር ሚኒስቴሩ ሰነዶች ያሉት እዚያ ነው። በአዲስ አበባ የብሔራዊ ቤተ መዛግብትና ቤተ መጻሕፍት፣ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋምና የጥንታዊት ኢትዮጵያ ጀግኖች አርበኞች ማኅበር አሉ። ሜዳይ ካለ ፎቶ ያንሡት፤ ነገር ግን ሜዳይ ብቻውን የት እንደ ተዋጉ አያረጋግጥም። የቀድሞ የተራ ወታደሮች ስም ጸሐፊው በጆሮው እንደ ሰማው ስለተጻፈ አንዱን ስም በአራት በአምስት ዓይነት ፊደል መፈለግ ያስፈልጋል። የአባት ስም ከሌለ ደግሞ ፍለጋው ከንቱ ነው ማለት ይቻላል።

ከዚህ ሁሉ በፊት ግን አንድ ነገር ያድርጉ፤ በዚህ ወር ያድርጉት። ከቤተሰቡ በዕድሜ የገፉትን፣ አያትዎን ያወቁትን ሰው በስልክ ይጥሩና ድምፃቸውን ይቅዱ። ማይጨውን አይጥቀሱባቸው፤ ጠቃሽ ጥያቄ የሚፈልጉትን መልስ ያስመልሳል። ይልቁን አያትዎ በልጅነታቸው ማን ተብለው ይጠሩ እንደነበር፣ የዘመቱት በማን አዝማችነት እንደሆነ፣ በስደት የተቀመጡበት ሰፈር ስሙ ማን እንደነበር፣ ሲመለሱ የገቡበት የመጀመሪያ ከተማ የት እንደሆነ ይጠይቁ። እነዚህን አራት መልሶች ይዘው ሲሄዱ የናይሮቢውም ሆነ የለንደኑ የመዝገብ ሠራተኛ የትኛውን ሣጥን እንደሚያወጣልዎ ያውቃል።